ሁለተኛ ፈራሚ

እውነት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ልቦለድ የመፍጠር ችሎታውም ትዕግሥቱም የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ጨለማ የለ፣ ነጎድጓድ የለ። ሰባት ቁጥር ክፍል በፀሐይ ተጥለቅልቋል።

የምሠራው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በሚጦሩበት ቤት ነው። ሕጉ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል። አቅም የሌለውን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያዛውሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ይቆጠርና ሦስት ላይ አብረው ያነሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ቅጹ ላይ ይፈርማሉ።

ያማረ ሕግ ነው። ለግድግዳው።

የፈረቃ አለቃችን ራሱን "ክሬን" ብሎ የሚጠራ ጉድ ነው። ሰውን ብቻውን ስለሚያነሳ! ማንሻ ማሽኑ ጥግ ቆሞ ፎጣ ይሰጣበታል።

"ማሽን የሰነፍ ነው" ይላል ደረቱን ነፍቶ። ጭንቅላቱ የክንዱን ሩብ ቢያክል ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሁለተኛ ፈራሚስ? ለእሱም መላ አለው።

"ስም አትጻፊ፣ ጫር አድርጊበት" አለኝ ሥራ በጀመርኩበት ቀን። መንጠቆ የመሰለች ጭረት አሳየኝ።

ሁላችንም ያቺኑ መንጠቆ እንጭራለን። እኔም ጭሬያለሁ፣ ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ሲፈርም ኖረ። አያረፍድ፣ አይታመም፣ አያጉረመርም። ከሁላችንም የተሻለ ሠራተኛ።

ሰባት ቁጥር ያሉት እማማ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የጭናቸው አጥንት በብረት ነው የተያያዘው። ሐኪሙ "አንዴ ከወደቁ አበቃ" ብሎናል። ክሬን ይሄን ሲሰማ አዛጋ።

ያን ቀን እንደለመድኩት ብቻዬን ላነሳቸው ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ... ያቺ ትምጣ።"

"ማን እማማ?"

"ጓደኛሽ ናታ። በግራ በኩል የምትቆመው።"

"ማንም የለም እኮ።"

"አንቺ ትጣደፊያለሽ። እሷ ግን ትቆጥራለች።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እጇ ብቻ... ይቀዘቅዛል።"

እርጅና ነው አልኩ በሆዴ።

ግን የፍራሹ የግራ ጠርዝ ሰርጎድ ብሎ ነበር... ሰው በጉልበቱ የተደገፈው ያህል።

ቀሚሳቸውን ሳስተካክል ደግሞ በግራ ብብታቸው ሥር አራት የጣት አሻራ አየሁ። እያየሁት ደበዘዘ።

ክሬን በሩን በርግዶ ገባ።

"ምን ትንቀራፈፊያለሽ?"

"ማሽኑን ላምጣ... ወይ ሁለት እንሁን።"

"ሁለት?" ከት ብሎ ሳቀ። "አንዲት አሮጊት ለማንሳት ጉባኤ ልጥራልሽ?"

"አጥንታቸው እኮ..."

"ዞር በይ!"

ሳይቆጥር እጁን ከሥራቸው ከትቶ ብድግ አደረጋቸው። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጮህ ነበረብኝ። ዞር አልኩለት። ፈሪ ነኝ፣ በቃ።

ከአልጋው ሳይርቅ ቀጥ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ማነው?" አለ በሹክሹክታ። "ማነው... እጄን የያዘኝ?"

ከግራ በኩል፣ ማንም ከሌለበት፣ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

"አንድ..."

ወገቡ ቋ አለ።

"ሁለት..."

ጉልበቱ ከዳው። እማማን ለቀቃቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ሦስት።"

ዓይኔን ስገልጥ እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው መርገጫው ላይ ተስተካክሏል፣ ቀሚሳቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ክሬን ወለሉ ላይ እንደ ጆንያ ተጋድሟል።

እስከ ዛሬ በእግሩ አልቆመም።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። አሁን ስምንት ቁጥር ውስጥ የሚጦረው እሱ ነው። በማሽን ነው የሚነሳው፣ በሰነፎቹ ማሽን! አላዝንለትም።

ትናንት ግን... ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ትራሱን ላስተካክል ብቻዬን ገባሁ። ያ ጉልበተኛ ክንዴን ያዘኝ።

"እህቴ... ብቻሽን አታንሺኝ።"

"ማን ሊያነሳህ! ዛሬ ማንም አላነሳህም።"

ዓይኑ ከአልጋው ግራ በኩል ተተክሎ ቀረ።

"ቀኑን ሙሉ ትቆጥራለች። አንድ ትላለች... ሁለት ትላለች... ሦስት አትልልኝም።"

ፍራሹን አየሁ። የግራው ጠርዝ ሰርጎድ ብሏል።

ቅጹ ከአልጋው ግርጌ ተንጠልጥሏል። በዕለቱ መስመር፣ ሁለተኛ ፈራሚ በሚለው ቦታ መንጠቆዋ ተጭራለች። ቀለሟ ገና አልደረቀም።

አንደኛ ፈራሚ በሚለው ቦታ ደግሞ... በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ የእኔ ስም።