ሦስቱ በርሜሎችና ጋሼ ማክሰኞ

መምህርቷ ሦስት በርሜል ለማግኘት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ደጅ ጠንታለች። ርዕሰ መምህሩ በጀት የለም አሏት። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ በርሜል የሚባል ዕቃ መዝገቡ ላይ እንደሌለ ነግሮ አሰናበታት። በመጨረሻ ከአንድ ቀለም ፋብሪካ ሦስት ባዶ በርሜል ለምና፣ ራሷ አጥባ፣ ራሷ ቀብታ፣ ሰማያዊውን ለወረቀት፣ ቢጫውን ለፕላስቲክ፣ አረንጓዴውን ለምግብ ትራፊ አድርጋ ከአራተኛ ክፍል መስኮት ሥር ደረደረቻቸው። ባልደረቦቿ ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሜቴ በርሜል» ይሏታል።

ልጆቹን ማስለመዱ ሌላ ጣጣ ነበር። የሙዝ ልጣጩን ከወረቀቱ፣ ጠርሙሱን ከዳቦ ፍርፋሪው ለመለየት በቀን አሥር ጊዜ እጇን በርሜል ውስጥ ትከታለች። ድምጿ እስኪዘጋ ትናገራለች። እንዲህ እየሆነ ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ ገባቸው፤ እንዲያውም ብሶባቸው፣ ወረቀት ቢጫው ውስጥ የጣለ ልጅ ከተገኘ እነሱው ያፋጥጡት ጀመር። እሷም እፎይ አለች።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስለ አፈር ዓይነቶች እያስተማረች ሳለ፣ መስኮት ዳር የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የቆሻሻ መኪናው ሦስቱንም አንድ ላይ ደፋቸው።»

ሠላሳ ስምንት ልጅ መስኮቱ ላይ ተረባረበ። ልጅቷ አልዋሸችም። ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው ተራ በተራ መኪናው ላይ ተገለበጡና ተጨፈለቁ። ልጆቹ ዞረው እሷን አዩዋት። ከሁሉ የባሰው ያ አስተያየታቸው ነበር።

ጠመኔዋን እንደያዘች ደረጃውን ወርዳ ግቢው ውስጥ ደረሰችበት። ሹፌሩ እጅጌውን እስከ ክርኑ የሰበሰበ፣ ሠላሳውን ያለፈ ረጅም ሰው ነው። ረዳቱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተተኪ ስላልተቀጠረለት ራሱ ይነዳል፣ ራሱ ይጭናል።

«ምን ማድረግዎ ነው?» አለችው። «ልጆቹ ሁለት ወር ሲማሩ የከረሙትን እርስዎ በሁለት ደቂቃ ደባለቁት።»

ጓንቱን አውልቆ በእርጋታ አያት። «መምህርት፣ መኪናው ያለው ሆድ አንድ ነው። እኔ ሁለተኛ ልሠራለት አልችልም።»

እርጋታው አንገበገባት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር፤ መልሳ ትጮህበት ነበር። እሱ ግን ባዶዎቹን በርሜሎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መልሶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተሰናብቷት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እቤት ስትገባ እናቷ የሰው ቀሚስ እየሰፉ ነበር። የእናቷን ጨርቅ ገፋ አድርጋ የስፌት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠችና ለጽዳት ቢሮው ደብዳቤ ጻፈች። የመኪናውን ታርጋ አስገባች። ሹፌሩን «ግዴለሽና ሥራውን የማያከብር» አለችው። እናቷ ክር በመርፌ እያስገቡ፣ ንዴትሽ በረድ ይበልና ነገ ላኪው አሏት። አልሰማቻቸውም፤ ቢሮው ሳይዘጋ ሮጣ አስገባች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሹፌሩ መኪናውን ሳያስጠጋ በመጀመሪያ እሷን አስጠራት። ሰማያዊውን በርሜል ጆንያ ላይ ዘረገፈና ጎንበስ ብሎ አሳያት። ወረቀቱ ግማሹ ርሷል። አንድ ልጅ ጠጥቶ ያልጨረሰው የጭማቂ እሽግ መሐሉ ገብቶ ሁሉንም አጨማልቆታል። በእሱ መንገድ መጨረሻ ላይ ወረቀትና ፕላስቲክ የሚቀበል የመለያ ግቢ እንዳለ ነገራት፤ ግን እዚያ ያሉት ሰዎች አንድ እርጥብ ነገር ካገኙ ሙሉ ጆንያውን ነው የሚጥሉት። ለይቶ ቢወስድላትም ኖሮ ይኸው ነበር ዕጣው።

ልክ ነበር፤ ልክ በመሆኑም ተናደደችበት። የሚያሳምም ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ታዲያ ይህንን መጥተው ለልጆቹ አይነግሯቸውም?»

መጣ። በዕረፍቱ ሰዓት፣ የታጠበ ቱታ ለብሶ፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጠ። ጠርሙስ መጀመሪያ ይደፋል፣ ከዚያ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፣ ክዳኑ ለብቻው ይቀመጣል እያለ አሳያቸው። እሷ ሁለት ወር ስትለፈልፍ የማያውቁትን ዝምታ ለእሱ ዝም አሉለት። «ጋሼ ማክሰኞ» ብለው ስም አወጡለት። እሷ ትንሽ ቀናች፤ ከቅናቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር እንዳለ ታወቃት።

ከዚያ ወዲህ የወረቀቱንና የፕላስቲኩን ጆንያ የረዳቱ ባዶ ወንበር ላይ እየጫነ ወደ መለያው ግቢ ይወስድላቸው ጀመር። ማክሰኞ ማክሰኞ ሞተሩን አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ይቆማል። ስለ ጆንያ ያወራሉ፤ ጆንያው ሲያልቅ ዝም ይላሉ። ስንተኛው ማክሰኞ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» እና «አንተ» ሆነ። አንድ ቀን፣ ስለ ሥራህ የምታውቀውን ንገረኝ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ አላት፤ እቤት እንኳ ወንድሞቹ ገበታ ላይ ስለ ሥራው እንዳያነሣ ይነግሩታል። ያን ዕለት ወደ ክፍሏ ስትመለስ የምታስተምረውን ምዕራፍ ረስታው ነበር። ወደደችው፤ ሌላ ስም የለውም።

ደብዳቤው? ደብዳቤውማ ትዝ ይላታል። ማክሰኞ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፤ እሱ ከመኪናው ሲወርድ ሲስቅላት፣ ደግሞ አሁን ለምን ላንሣው ትላለች። ቢሮው አንድም ቀን መልስ አልላከም፤ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል ብላ ራሷን አሳመነች። እንዲህ እያለች አሥራ ሁለት ማክሰኞ ዋሸችው።

በአሥራ ሁለተኛው፣ እናትሽን መተዋወቅ እፈልጋለሁ፣ እሁድ ብመጣስ አላት። ና አለችው። እሁድ እናቷ የስፌት መኪናቸውን ጥግ አስይዘው፣ ክፍሉን አጽድተው፣ ጠረጴዛውን አሰናድተው ጠበቁ። ሰዓቱ አለፈ። ምግቡ ቀዘቀዘ። እናቷ ሳህኖቹን አነሡ።

ማክሰኞ ሌላ ሹፌር መጣ፤ ሦስቱንም በርሜል አንድ ላይ ደፋ። ስትጠይቀው፣ የቀድሞው በቅሬታ ደብዳቤ ከመኪና ወርዶ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያጥባል፣ ዓርብ ዕለት አስነብበው አስፈርመውታል አላት። ሦስት ወር የተኛው ደብዳቤ፣ ቢሮው በሕይወቱ ፈጣን ሊሆን የመረጠው በዚያ ሳምንት ነው።

ጋራዡ ድረስ ሄደች። ዘበኛው ገብቶ ተመለሰና፣ ሥራ ላይ ነኝ በላት ብሏል አላት። በማግስቱ ሄደች፤ መልሱ አልተለወጠም። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ ተማሪ ፊት ለፊቷ የሙዝ ልጣጩን ሰማያዊው በርሜል ውስጥ ወረወረ። ስትቆጣው፣ «ለምን ብዬ ልለይ፣ ቲቸር? ያው ይደባለቅ የለ» አላት። ልጣጩን ራሷ አውጥታ አረንጓዴው ውስጥ ጣለችው።

ደብዳቤዬን ልውሰድ ብላ ቢሮው ሄደች። የቅሬታ ክፍሉ ሴትዮ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ቅሬታ ይገባል እንጂ አይወጣም፣ እኅቴ።»

ስለዚያ ሰው ጥሩነት የሚጻፍበት ቅጽ የለም ወይ ብላ ጠየቀች። የምስጋና ቅጽ ታትሞ አያውቅም፣ ጠያቂም የለውም አሏት። ያለው የቅሬታ ቅጽ ብቻ ነው። አንዱን አንሥታ አገላበጠችው። ከታች ሦስት መስመር ክፍት ቦታ አለው፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሠራተኛ ቅሬታውን አንብቦ መልሱን እዚያ ላይ ማስፈር ግዴታው ነው። ይኼኔ ነው ልቧ የዘለለው። ለእሷ ብሎ ከጋራዡ በር ባይወጣም፣ ይህንን ሳይወድ በግዱ ያነበዋል።

ቆማ ጻፈች። የመጀመሪያው ቅሬታ በንዴት የተጻፈና ሐሰት መሆኑን፣ ሰውየው ግዴለሽ እንዳልሆነ፣ ይህንንም ሦስት ወር ሙሉ እያወቀች እንዳጣው ብላ ፈርታ ዝም ማለቷን፣ ጥፋተኛዋም ራሷ መሆኗን ዘረዘረች። «የደረሰ ጉዳት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ማክሰኞ ይመጣል፣ እሱ አይመጣም።»

ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይህማ የቢሮው ጉዳት አይደለም» አሏት።

«የኔ ነው» አለች። ማኅተሙን መቱላት።

አንድ ሳምንት ጠበቀች፤ ሁለት፤ ሦስት። መልስ የለም። በአራተኛው ማክሰኞ አዲሱ ሹፌር ደፍቶ ከሄደ በኋላ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ወረቀት ጎንበስ ብላ ስትለቅም ከበላይዋ ሰው ቆመ። ቀና ስትል እሱ ነው። ቱታው ግሪስ ነክቶታል፤ ቅጹን አጥፎ ይዟል።

«የመልስ ቦታው ሦስት መስመር ነው» አለ። «አልበቃኝም።»

«ተናገር።»

«ደብዳቤው አላስቀየመኝም። ያን ቀን በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እጽፍ ነበር። ያቃጠለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ፊት ለፊቴ ቆመሽ ዝም ማለትሽ ነው። ሲያስነብቡኝ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ከልብሽ ይሁን አይሁን ማወቅ አቃተኝ።»

«ከልቤ ነበር» አለች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ብነግርህ የምትሄድ መስሎኝ ነው። አልነገርኩህም፤ ያው ሄድክ።»

ጎንበስ ብሎ የቀረውን ወረቀት ለቀመላት። ከላይ መስኮቱ በሕፃናት ፊት ተሞልቷል። መኪናውን እንደማይመልሱለት ነገራት፤ ሲጠይቅ በሂደት ላይ ነው ይሉታል። ግን ከመለያው ግቢ ሰዎች ጋር ተነጋግሯል፤ ጆንያዎቹን በር ላይ ካቆዩላቸው ማክሰኞ ማክሰኞ በጋሪ መጥተው ይወስዳሉ። ይህንን ብሎ ቅጹን ዘረጋላት። ከታች በሰፋፊ ፊደል ሦስቱን መስመር ሞልቶ ተጽፏል፦ «ቅሬታው እውነት ነው። እኔም ላይ ይኸው ጉዳት ደርሷል።»

«ቢሮ ላስገባው» አላት፣ «ወይስ አንቺ ጋ ይቅር?»

«እኔ ጋ ይቅር።»

ቢሮው መልሱ አልደረሰኝም እያለ ሁለት ጊዜ ማስታወሻ ላከ፤ ሁለቱንም ጊዜ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለእሱ። በመጀመሪያው መልእክተኛው ሁለት ቤት ዞሯል። ሁለተኛውን ሲያደርስ ግን ያንኳኳው አንድ በር ብቻ ነው።