በሩዝ ገለባ የታሰረ ምሳ

«ያቺ ሴትዮ ክፍል ተሳስታ ነው እንዴ?» አለች ገንዲስ፣ ዊዱሪን በክርኗ ጎሸም አድርጋ።

ዊዱሪ ከደብተሯ ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ነበረች። ባዶውን የገበያ ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላ፣ የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነክቶት፣ የት እንደምትቀመጥ በዓይኗ ትፈልጋለች። መምህር ዋስኪቶ «ይግቡ፣ ይግቡ» ሲሏት ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ሌላው ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ስታይ ግን ተወችው።

«ተማሪ ናት መሰለኝ» አለች ዊዱሪ።

«በዚህ ዕድሜዋ? ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም። ገበያ ውስጥ ቴምፔ ስትሸጥ አይቻታለሁ።»

አስባበት አልነበረም። እንደ ሳል አመለጣት። እናቷ በዚያው ቅጽበት አየቻትና ፊቷ በራ፤ ወደ እነሱ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ዊዱሪ አንገቷን ደፍታ የተሰመረ ወረቀት ላይ በማስመሪያ ሌላ መስመር ማስመር ጀመረች። የእናቷ እርምጃ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ሲርቅ ተሰማት። እናቷ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳው ጥግ፣ ብቻዋን ተቀመጠች።

ቦታው ሳላቲጋ ከተማ ዳር ያለ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ትምህርት ያቋረጡ ሰዎች እሁድና ረቡዕ እየመጡ ለዘጠነኛ ክፍል አቻ ፈተና ይዘጋጁበታል። አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች አሉ፣ እንቅልፍ የማያጣው አንድ የጥበቃ ሠራተኛም አለ። ገንዲስ የመጣችው ቤተሰቧ ከከተማ ከተማ ሲዞር ሁለት ዓመት ስላመለጣት ነው። ዊዱሪ ደግሞ እስካሁን የተማረችው ቤቷ ነው።

ቤት መማር የጀመረችው አራተኛ ክፍል ሳለች ነበር። ቤተሰቧ ቅዳሜን ያከብራል፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቅዳሜም ያስተምራል፣ ቅዳሜም ይፈትናል። አባቷ ሁለት ጊዜ ሄዶ ለመነ። በሦስተኛው እናቷ ሄደችና የዊዱሪን ቦርሳ በአንድ እጇ፣ ዊዱሪን በሌላው ይዛ ወጣች። «እኔ አስተምርሻለሁ» አለቻት መንገድ ላይ። እሷ ራሷ ግን የተማረችው እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጋት ላይ በእርሾ ተያይዞ ቴምፔ የሚሆነው አኩሪ አተር እስኪበስል ድረስ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ የዕለቱን ትምህርት በሹክሹክታ ታነባለች። ከቁርስ በኋላ ያንኑ ለዊዱሪ ታስተምራለች። ያልገባት ነገር ሲኖር «ይሄን ነገ እንመለስበታለን» ትላለች። «ነገ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዊዱሪ ካወቀች ቆይታለች።

ቀኖቹ ረጃጅም ነበሩ። ጠዋት የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች እየተሳሳቁ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ፤ ሰባት ሰዓት ላይ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። ዊዱሪ ብዙዎቹን በድምፃቸው ትለያቸዋለች፤ ስማቸውን ግን አታውቅም። ቅዳሜ በጸሎት ቤታቸው የሚሰበሰቡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። የመማሪያ መጽሐፎቿ ደግሞ ሁሉም የተጻፉት ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ልጅ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ «ከአጠገብሽ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተወያዪ» ይላሉ። ያኔ እናቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ «በቃ እኔ ነኛ» ትልና አጠገቧ ትቀመጣለች። ገበያ በሄደችበት ቀን ግን ዊዱሪ የራሷን መልስ በሰማያዊ፣ የሌላውን ልጅ መልስ በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች። ቀዩ ልጅ ሁልጊዜ በሐሳቧ ይስማማል።

ገንዲስ ግን በምንም አትስማማም። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ መጥታ አጠገቧ ዘጭ አለችና «ሒሳብ ትችያለሽ? ካልቻልሽ ከአሁኑ ቦታ ልቀይር» አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዊዱሪ ቀይ እስክሪብቶውን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

እናቷ ከወር በፊት «እኔም ብፈተንስ፣ ዊዱ? ይስቁብኝ ይሆን?» ብላት ነበር። «ማን ይስቃል? ጥሩ ነው እንጂ» ብላ መለሰች ዊዱሪ፤ እናቷም ስታመነታ ቆይታ በዚህ ሳምንት ተመዘገበች። ቤታቸው ውስጥ ሲባል ጥሩ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ምሳውን አወጣ። ዊዱሪ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን፣ በተገመደ የሩዝ ገለባ የታሰረውን ምሳዋን ፈታች። ሩዝ፣ የተጠበሰ ቴምፔ፣ የተቀቀለ የካሳቫ ቅጠል ከተፈቀፈቀ ኮኮናት ጋር።

«ዛሬም ሥጋ የለም?» አለች ገንዲስ የራሷን የዶሮ ክንፍ እያነሳች። «እንቁላል እንኳን? በናትሽ፣ ጥንቸል እኮ ነሽ።»

«ጥንቸል ቴምፔ አትበላም።»

«ስላልቀመሰችው ነዋ።» አንዱን ቁራጭ አንስታ ጎረሰች። ሁለተኛውንም ደገመች። «አሪፍ ነው፣ እውነቴን ነው። የኛ ሰፈሩ እንደ ካርቶን ነው የሚታኘከው። ቆይ...» አፏን እንደሞላች ወደ ኋላ ዞረች። «የሷም እንዳንቺው ነው።»

ዊዱሪ ሳትዞር አወቀች። ያው ቅጠል ነው፣ ያው ገለባ፣ ወደ ግራ የዞረው ያው ቋጠሮ። ከተማው በሙሉ ቅጠሉን በቀርከሃ ስንጥር ይወጋዋል እንጂ አያስረውም። በገለባ የምታስር እናቷ ብቻ ናት።

«ከእሷ ነው የምንገዛው» አለች።

«ታዲያ አትነግሪኝም?» ገንዲስ እጇን አውጥታ ተጣራች። «እትዬ፣ ምሳ ይሸጣሉ አሉ። ረቡዕ ለኔም አንድ ያምጡልኝ፣ እንደሷ ዓይነት።»

አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የጥበቃው ማንኮራፋት ብቻ ነበር። እናቷ የያዘችውን ጉርሻ መለሰችው። ዓይኗ ከገንዲስ ወደ ዊዱሪ፣ ከዊዱሪ ወደ ተፈታው ቅጠል ሄደ። ዊዱሪ አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። በልቧ ትንሽዬ ቦታ ላይ ብትናገር ብላ ተመኘች።

«አመጣልሻለሁ» አለች እናቷ። ገበያ ላይ ለደንበኛ በምትናገርበት ድምፅ ነው። ከዚያ ወደ ዊዱሪ ዞራ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ያንቺስ እህት፣ ጨው አልበዛበትም?» አለቻት።

«አልበዛም» አለች ዊዱሪ። «አልበዛም፣ እትዬ።»

ማታ ማታ ጉንጯን ስማ ለምታስተኛት እናቷ «እትዬ» ማለቷ ለራሷ ጆሮ እንግዳ ሆነባት። የቀረውን ሩዝ ገንዲስ ጨረሰችው።

ከትምህርት በኋላ ሚኒባሱ ሲመጣ ገንዲስና ዊዱሪ ከኋላ ተቀመጡ። ከፊት ሁለት ቦታ ባዶ ነበር። ረዳቱ «እናት፣ ቦታ አለ እኮ» ቢላትም እናቷ «ግድ የለም ልጄ፣ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ» አለች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ዊዱሪ በኋላው መስታወት አየቻት፤ ቅርጫቷን በሁለት እጇ ከፊቷ ይዛ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ቆማለች።

እናቷ ቤት የደረሰችው ከዊዱሪ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ዊዱሪ ደጁ ላይ ተቀምጣ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። እናቷ ግን «ሩዙን አጥበሽዋል?» ብቻ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ብትቆጣት በተሻላት ነበር። ራት ላይ አባቷ ሁለቱን እያየ «እሺ፣ የኔ ተማሪዎች፣ እንዴት ነበር?» ሲል እናቷ የዱባውን ወጥ እየጨመረችለት «ጥሩ ነው። ልጅህ ጓደኛ አግኝታለች፣ ተጫዋች ልጅ ናት» አለች።

ረቡዕ ጠዋት ዊዱሪ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ማድቤት ስትገባ ሁለት ጥቅል ምሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ እርሾ የተነሰነሰበትን አኩሪ አተር በቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

«አንዱ ያንቺ ነው፣ አንዱ የጓደኛሽ» አለች ሳትዞር።

«አንቺስ፣ እማ?»

«እኔ እንኳ ዛሬ አልሄድም። አኩሪ አተሩ አይጠብቀኝም። ደግሞ ለኔ ለትልቋ ሴትዮ ዘጠነኛ ክፍል ምን ይሠራልኛል? አንቺ ከተፈተንሽ በቃኝ።»

«ፈተናው እኮ የዛሬ ወር ነው። ከአሁን በኋላ የቀረ ሰው ይሰረዛል ብለዋል መምህሩ።»

«ሰምቻለሁ።»

ዊዱሪ ጎንበስ ብላ አንድ የታሰረ የአኩሪ አተር ጥቅል አነሳች። ይፋጃል። ከቅጠሉ ጫፍ እንፋሎት ይወጣል። በቤታቸው አንድ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማረው ይሄን ነው፦ ቴምፔ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ከተጠቀለለ እርሾው ይሞታል፤ በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆኖ በመያያዝ ፈንታ ጠቁሮ ይሸታል። እናቷ በሕይወቷ ሙቅ አኩሪ አተር ጠቅልላ አታውቅም። አሁን ሃያ ያህል ጥቅል አጠገቧ ተደርድሯል።

«እማ፣ ይሄ ሙቅ ነው።»

እናቷ እጇን አቆመች። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው። «ወይኔ» አለች ቀስ ብላ።

ምድጃው አጠገብ የእናቷ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል። የእሁዱ ትምህርት ነው። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተጨንቀው የተጻፉ። «ጥያቄ አራት፦ ከአጠገብሽ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተወያዪ» ይላል። ሥሩ የእናቷ መልስ አለ፤ ሦስት መስመር ሙሉ። ከዚያ በታች ለሌላው ተማሪ መልስ የተሰመሩት ሦስት መስመሮች ባዶ ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ እንኳን አልነበራትም።

ዊዱሪ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ትልቁን ሰፌድ ከግድግዳው አውርዳ ጥቅሎቹን እየፈታች አኩሪ አተሩን ዘረገፈችው፤ በእጇም በስሱ በተነችው።

«የሞተው ሞቷል» አለች እናቷ። «አሁን ቢቀዘቅዝም...»

«ሲቀዘቅዝ ሌላ እርሾ እንጨምርበታለን። አባባ ከጓሮ ጎመኑን ቆርጦ ሲጨርስ ይጠቀልለዋል።»

«አባትሽ ቋጠሮ አይችልም።»

«አንድ ቀን የተጨማደደ ቴምፔ ብንበላ ምን እንሆናለን?»

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ምሳዎች ፈታች። አንድ ሰፊ የሙዝ ቅጠል እሳቱ ላይ አለስልሳ ዘረጋችና ሁለቱንም አንድ ላይ ገለበጠቻቸው። ከድስቱ ሩዝ ጨመረች፣ ከመጥበሻው ቴምፔ ጨመረች፣ የተወቀጠውን ቃሪያ በትንሽ ቅጠል ለብቻ አድርጋ ጎኑ ሸጎጠችው። ሁለት ገለባ ገምዳ፣ እናቷ እንደምታስረው ወደ ግራ አዙራ አሰረችው። ጥቅሉ የሕፃን ትራስ አከለ።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እናቷ።

«ምሳ ነው። የሦስት ሰው።»

«ዊዱ።» እናቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደረቅ ቢሆንም ደግማ ጠረገችው። «ልጅቷን ልታጪያት ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ ከኋላ ብቀመጥ ምንም አይደለሁም። እውነቴን ነው።»

ዊዱሪ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የእናቷን ሹራብ አምጥታ አቀበለቻት፤ ደብተሩንም ዘግታ ከራሷ ደብተር ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሚኒባሱ ውስጥ እናቷ የመስኮቱን ጥግ ይዛ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አደረገች። ዊዱሪ ምሳውን በሁለት እጇ አቅፋለች፤ ሙቀቱ በቀሚሷ በኩል ይሰማታል። ገንዲስ ትስቅባት ይሆናል። ወይም ከሳቅ የባሰውን ታደርግና ዝም ብላ ሄዳ ሌላ ቦታ ትቀመጣለች። ያኔ ቀይ እስክሪብቶው ይመለሳል።

ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ። ገንዲስ ከአንዲት ሱቅ ጥላ ሥር ወጥታ እጇን እያወዛወዘች መጣች። በሩ ተከፈተ። አንድ እግሯን አስገብታ፣ ዊዱሪን አይታ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ከዊዱሪ ጎን የተቀመጠችውን ሴት አየችና ቅንድቧን ከፍ አደረገች።

ዊዱሪ ወደ መስኮቱ ተጠጋች፣ ትከሻዋ ከእናቷ ትከሻ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ።

«ጠጋ በይ፣ እማ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ለገንዲስም ቦታ እንስጣት።»