በብረቱ ራስጌ

ወጣቱ ቡጢኛ ኦልሜዶ ክብደት በሚያነሳበት አግዳሚ ላይ በጀርባው እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። መርማሪ ዳሊላ ኪንቴሮ ስትደርስ ብረቱ ከአንገቱ ተነስቶ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ በሁለቱ ጫፎቹ የገቡት ክብደቶች ግን እንዳይንሸራተቱ እንደተቆለፉ ናቸው። በር ላይ የተሰበሰቡት የኮሎን ከተማ ቡጢኞች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ ልጁን የገደለው ብረት ነው።

ዳሊላ ይህን መስማት ሰልችቷታል። ብረት በገዛ ፈቃዱ ሰው አይገድልም ብትልም የሚያዳምጣት አጣች። አለቃዋም በስልክ፣ አደጋ ነው ብለሽ ዝጊው አላት።

ከሁሉ ያስቸገሯት አሰልጣኙ ዶን ኤቫሪስቶ ነበሩ። ሽማግሌው ክብደት ማንሳት የቡጢኛን እጅ ያዘገያል እያሉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። ያዲራ የምትባል የክብደት አሰልጣኝ እንድትገባ የፈቀዱትም ኦልሜዶ ስለለመናቸው ነው። እሷ ቀላሉን ብረት በፍጥነት፣ ከባዱን በጥቂቱ እያስነሳች፣ ሰውነቱ ሲዝል እያሳረፈች አሠራችው። የልጁ ቡጢ ከበደ፤ እጁም አልዘገየም። ሽማግሌው ተሸነፍኩ ባይሉም፣ ለትልቁ ግጥሚያ ለዓመታት ተራውን ሲጠብቅ የኖረውን ፌርሚንን ትተው ኦልሜዶን መረጡ።

ያን ጠዋት ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ እንደነበሩ ነርሷ መሰከረች። ሬሳውን ያገኘችው ያዲራ ናት።

«ብቻውን ሲያነሳ ምን እንዲያደርግ ነግረሽው ነበር?» ስትል ዳሊላ ጠየቀቻት።

«እንዳይቆልፍ። ካቃተው ወደ ጎን ሲያዘነብለው ክብደቱ ተንሸራቶ ይወድቅለታል። የሚቆልፈው ራስጌው የሚረዳው ሰው ሲቆም ብቻ ነው። ይህን አንድም ቀን ረስቶ አያውቅም።»

«ከአንገቱ ላይ ያነሳችሁትስ እንዴት ነው?»

«እንደጮህኩ ፌርሚን ደረሰልኝ። በሁለት ወገን ይዘን አነሳነው።»

ፌርሚን በበኩሉ ከጩኸቱ በፊት ወደ ብረቱ ክፍል ጭራሽ እንዳልገባ፣ መግቢያው በእሱ በኩል ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰውም ቢገባ ያየው እንደነበር፣ ከያዲራ በፊት ግን ማንም እንዳልገባ ተናገረ። ኦልሜዶ ጓንቱን አስሮለት ገባ፤ እሱም ጩኸቱን እስኪሰማ የቡጢ መለማመጃውን ጆንያ ሲደበድብ ነበር።

«ጓንት የታሰረ ሰው እንኳን ብረት ሊይዝ በር አይከፍትም፣ ሴኞራ» አላት።

ከሰዓት በኋላ ዳሊላ ሦስቱን የቡጢ መድረኩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ እጇን አነሳች።

«ብረቱ ገደለው እንዳይሉኝ፣ ዶን ኤቫሪስቶ። ኦልሜዶ ቆልፎ ነበር። ስለዚህ ብቻውን አልነበረም፤ የሚያምነው ሰው ራስጌው ቆሞ ነበር። ፌርሚን፣ ከያዲራ በፊት ሌላ ማንም እንዳልገባ የነገርከኝ ራስህ ነህ።»

«እጄ ታስሮ ነበር አልኩሽ እኮ።»

«ጓንትህ ባለ ክር ነው። ሌላ ሰው ካልፈታልህ ቶሎ አይወልቅም። ያዲራ፣ ፌርሚን ከአንቺ ጋር ብረቱን ሲያነሳ እጁ ላይ ምን ነበር?»

ያዲራ ፌርሚንን ቀስ ብላ አየችው። «ፋሻ ብቻ። ብረቱን በጣቶቹ ጨብጦ ነበር።»

«እንደጮህሽ ነው የደረሰው። ማን ፈታለት? አልታሰረም ነበር ማለት ነው።»

ፌርሚን የመድረኩ ገመድ ላይ ተደገፈ። ለመካድ አልሞከረም። አልገፋሁትም አለ። ኦልሜዶ እርዳኝ ስላለው ራስጌው ቆመ፤ መጨረሻ ላይ የልጁ ክንድ ሲዝል ግን እጁን አልዘረጋለትም።

«ስሜን ጠራኝ» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ለምን አላነሳህለትም፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሁላችሁም እሱን ስታነሱ፣ እኔን ማን አነሳኝ?»

 ዳሊላ ካቴናውን ስታወጣ ፋሻውን እንዲፈታ አዘዘችው፤ እሱ ግን የፋሻውን ጫፍ ማግኘት አቃተው። ሽማግሌው ቀረቡና፣ ለዓመታት ከየግጥሚያው በኋላ ያደርጉት እንደነበረው፣ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ፈቱለት። ከዚያ ባዶ እጆቹን ይዘው ለዳሊላ አቀረቡላት።