ላልቶ የተነበበው ዜና

«ሚጣ፣ ዘበኛውን ከሥራ አገዱት!» አለ ካሜራው፣ ሳያንኳኳ ገብቶ። ካሜራው የሚሉት ለትምህርት ቤቱ ቻናል ፎቶ ስለሚያነሳ ነው። ዜናውን የምትጽፈው ሚጣ ናት።

«ምን አድርጎ?»

«ተማሪ ይመታል ተብሎ ነዋ! አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

ሚጣ ስልኳን ከፈተች። ርዕሱ ያው ነው፦ «ዘበኛው በየቀኑ ይመታል»። እሷ የጻፈችው በልቧ «መ»ንም «ታ»ንም አጥብቃ ነበር፤ ተማሪዎች ከአጥር ውጭ ሆነው በድንጋይ ስለሚመቱት ሰው። አንባቢው አላልቶ አነበበውና ደብዳቢ አደረገው። ከሥር ያለውን ማን ያነባል? ርዕሱን ብቻ ቆርጠው ተቀባበሉት። ርእሰ መምህሩም ቢሆኑ ያው ናቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ለማጣራት ጊዜ የላቸውም፣ ለማባረር ግን አያጡም።

«ድሮ ዜናውን በድምፅ ማጉያ ስናነብ እንዲህ ዓይነት ጣጣ አልነበረም» አለች። «ድምፄ ይለየው ነበር።»

ሶፋው ላይ የተቀመጡት አጎቷ ሳቁ። ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ያረጁ ሰው ናቸው። «ጠባቂው ላልቶ ተነበበ በሉኛ!»

«ጋሼ፣ አያስቅም እኮ!»

«ዝም ብለሽ አጥፊው» አለ ካሜራው። «ነገ ይረሳል። ደግሞ ተከታያችን እንዴት እንደጨመረ አይተሻል? ማንበብ ያልቻሉት እነሱ ናቸው፤ አንቺ አልዋሸሽም።»

እውነቱን ነው፤ አልዋሸችም። ሚጣ ጣቷን «አጥፋ» የሚለው ላይ አድርጋ ቆየች።

«እኛ ጋ ስህተቱ ፊት ገጽ ላይ በትልቁ ይወጣል» አሉ አጎቷ፣ ሳቃቸው ጠፍቶ። «እርማቱ ከሐዘን ማስታወቂያ ሥር፣ በጉንዳን ፊደል። ስሙ የጠፋበት ሰው እንኳ አያገኘውም። የታተመ ወረቀት ደግሞ ከሰው እጅ አይለቀምም። እናንተ ግን እርማቱን ከስህተቱ እኩል ከላይ መስቀል ትችላላችሁ። የሚሰቅል ከተገኘ ነው እንግዲህ።»

«ካጠፋሁት ሰውዬው ምን አሳይቶ ይከራከራል?» አለች ሚጣ።

«ይስቁብሻል!» አለ ካሜራው። «ርዕስ መጻፍ አትችልም ይሉሻል።»

«ይበሉ።»

ጻፈች፦ «ዘበኛው ማንንም አልደበደበም። ድንጋይ የሚወረወረው በእሱ ላይ ነው። ርዕሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።» በድምፅዋም ቀድታ አያያዘችው፤ ከሁሉም በላይ ሰቀለችው። ከዚያ ጫማዋን ፈለገች።

«ደግሞ ወዴት ነው?» አለ ካሜራው።

«ርእሰ መምህሩ ጋ። እስኪያነቡት አልጠብቅም፣ በአፌ ልንገራቸው።»

ካሜራው ትንሽ አመነታ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መለሰና፣ «ቆይ» አለ፣ «ሲወረውሩ ያነሳሁት አለ። አብሬሽ እመጣለሁ።»