የእድሩ ሙታን ገጽ

ምንትዋብ ከምሳ በኋላ፣ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ፣ የአባቷን እድር ድረ ገጽ ልታስተካክል ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። የእያንዳንዱ ሟች መታሰቢያ ለየብቻው ሲነኩት ይከፈታል፤ ሁሉንም ባንድነት የሚያሳየው ማውጫ ግን «ገጹ አልተገኘም» ብሎ ድርቅ ብሏል። አባቷ አቶ ጓንጉል የእድሩ ዳኛ ናቸው። ነገ ጉባኤ ፊት ካልተከፈተ የሰው መሳቂያ መሆናቸው ነው።

የገጹን መልክ የሚሠሩትን ፋይሎች አገላብጣ አገላብጣ ጉድለቱን አገኘችው። የመታሰቢያዎቹ ማውጫ ፋይል ከነጭራሹ አልተሠራም። ሠራችው፤ የአድራሻውን ቅንብር እንደገና አስቀመጠች። ማውጫው ተከፈተ። ያሳየው ግን አንዲት ሴት ብቻ ነው፦ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች፣ ከሥሯ «ዘርፌ» የሚል። ምንትዋብ እንዲህ ያለች ሴት አላስገባችም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ክፍሉ ታፈነ፤ የከረመ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ ከወለሉ ቀስ እያለ ተነሣ።

ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ዘርፌ ማን ናት?»

«ምነው?»

«ገጹ ላይ አለች።»

«ያቺ ምላሰኛ! ሰው ፊት ስላዋረደችኝ ከእድር አስወጣኋት። ስትሞት ጥሩምባ አላስነፋሁ፣ ድንኳን አላስተከልኩ። ጎረቤቱን የጠራው የሬሳዋ ሽታ ነው።»

ምንትዋብ አፍንጫዋን ያዘች። «ይቅር በይኝ ይበሏት፣ አባዬ። ደስ አላለኝም።»

«ሞቼ ነው ቆሜ! ከነስሟ ሰርዢያት፤ እንዳልተፈጠረች አድርጊያት!»

ጣቷ እየከበዳት ሰረዘቻት። ያኔ በስልኩ ውስጥ፣ ከአባቷ ትንፋሽ ኋላ፣ ሌላ ረጠብ ያለ፣ የማይቸኩል ትንፋሽ ሰማች።

«አባዬ፣ እቤት ሰው አለ እንዴ?»

«የምን ሰው...» አሉ፤ ድምፃቸው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወርድ እየራቀ ሄደና መስመሩ ተቋረጠ።

ማውጫው ሞልቶ ተከፈተ። ሙታኑ ሁሉ በየተራቸው ተደርድረዋል፤ ሽታውም በር እንደተዘጋበት ድንገት ጠፋ። እፎይ ልትል ስትል ዓይኗ ገጹ ጥግ ላይ በአዘጋጅነት ከተጻፈው የራሷ ስም ላይ ወደቀ። «ምንትዋብ» ይላል። ከኋላው ይከተል የነበረው የአባቷ ስም፣ «ጓንጉል»፣ የለም።

የአባቷን ቁጥር መልሳ ደወለች። ረጅም ጠራ። አንዲት ሴት፣ ደህና እንቅልፍ የጠገበች በሚመስል ድምፅ፣ አነሣችው።

«የእድሩ ዳኛ ዘርፌ ነኝ፤ ማን ልበል?»