በልኩ ያልተገዛው ማስክ

ዋና ኢንስፔክተር ሰገነት ከሲግናል ተነስታ የእንጦጦን ዳገት ጨርሳ ስትደርስ፣ አቶ ፍቅረማርያም በመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ላይ በጀርባቸው ተጋድመው ነበር። የዋና ቁምጣ ብቻ ለብሰዋል። አጠገባቸው፣ ፎጣ ላይ፣ ሰፊና ወጥ መስታወት ያለው አዲስ የመጥለቂያ ማስክ ተቀምጧል። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ባሕር ዛፎቹ ጉማቸውን ገና አላራገፉም። በዚህ ብርድ ወዶ ውሃ የሚገባ ምን ዓይነት ሰው ነው ስትል ሰገነት ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ለማወቅ ብዙ አልቆየችም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፤ ባሕሩ ሲቀር እሳቸው ጠላቂ እንደሆኑ ቀሩ። ባሕር በሌለው ከተማ ጠላቂ ምን ይሠራል ቢባል መልሱ ደስ አይልም። በየካ ዳርቻ ያሉት የድንጋይ ካባዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ያቁራሉ፤ ውሃው ልጅ ይበላል፤ ያንን ልጅ ጠልቀው የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ለዚህ ከማንም ምንም ተቀብለው አያውቁም። ለኑሯቸው የዚህን የእንግዳ ማረፊያ ገንዳ ያጸዳሉ፣ አልፎ አልፎም ለወጣቶች ጠለቃ ያስተምራሉ። ከግቢው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

የማረፊያው ባለቤት አቶ ሚሊዮን ነገሩን ሁሉ ለፖሊስ አስቀድሞ ፈትቶ ጠበቃት።

«ምርመራ የሚያስፈልገው አይመስለኝም ኢንስፔክተር። ሁልጊዜ ጠዋት ብቻቸውን ይዋኛሉ፤ ይተዉ ብያቸው ነበር። ዛሬ ደግሞ ልጃቸው ያመጣችላቸውን ማስክ ሊሞክሩ ገቡ። ለፊታቸው አልሆነም፤ ውሃ አስገባ፣ ተደናገጡ፣ አለቀ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አርባ ዓመት የጠለቀ ሰው ማስኩ ውሃ ስላስገባ ይሰጥማል?»

«እርጅና ነዋ!»

ይህን ሲል ከኋላው አንዲት ሠላሳን ያለፈች ሴት ቆማ እንደምትሰማው አላየም፤ ወይም አይቶ ግድ አልሰጠውም። የሟቹ አንድያ ልጅ ትሕትና ነበረች፤ የአውቶቡስ ትኬት ከምትቆርጥበት ከላምበረት በስልክ ተጠርታ መምጣቷ ነው። አላለቀሰችም። ወደ አባቷ ፊት ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ሪዙ የት ሄደ?» አለች።

እውነትም ከአፍንጫቸው በታች ያለው ቆዳ ከቀረው ፊታቸው ነጣ ብሎ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ መሆኑ ያስታውቃል።

«ከተወለድኩ ጀምሮ ያለ ሪዝ አይቼው አላውቅም።» ከዚያ ዓይኗ ማስኩ ላይ ወደቀ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰገነት በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታለች። ይህኛው ግን አስጨነቃት። አቶ ሚሊዮን ያለው እውነት ከሆነ፣ ይቺ ሴት ሕግ የማይጠይቃትን ነገር ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትጠይቅ ልትኖር ነው።

ተንበርክካ የሟቹን ማጅራት አየች፤ ሳንቲም የሚያክል ክብ ብልዘት አለበት። ማስኩን በጓንት አነሣችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ባልደረቦቿ «ኢንስፔክተር አፍንጫ» ይሏታል፤ ፊት ለፊቷ ግን አይደለም። ማስኩ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ከውስጥ በግራ በኩል፣ መስታወቱ ላይ አንድ የመነጽር ሌንስ ጥርት ባለ ሙጫ ተለጥፏል። በቀኝ በኩል የሙጫው ክብ ብቻ አለ፤ ሌንሱ የለም።

«ማስኩን ማን አወለቀላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ፎጣ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ወጣት። ተማሪያቸው ሊሊሳ ነው፤ ለልምምድ መጥቶ አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው። «ትንፋሽ ልሰጣቸው ብዬ። ማሰሪያውን ይዤ ነው የሳብኩት።»

«ማሰሪያው የት ላይ ነበር?»

«ከጆሯቸው በታች፣ ማጅራታቸው ላይ። ጋሼ እንደዚያ አያስሩም። ከጆሮ በላይ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ እያሉ እኮ ነው የገደሉን...» ያለውን ራሱ ሲሰማው በፎጣው አፉን ሸፈነ።

«ከሥር የወደቀ ነገር ካለ ታወጣልኛለህ?»

ሊሊሳ ጠለቀ። ሁለተኛውን ሌንስ በመዳፉ ይዞ ወጣ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሙጫ ገና ለስላሳ ነው።

ሰገነት ትሕትናን በረንዳው ላይ ብቻዋን አነጋገረቻት።

«ከአባትሽ ጋር ትገናኙ ነበር?»

«ስድስት ዓመት አላናገርኩትም። እናቴ የሞተች ቀን እሱ የሰው ልጅ ሊያወጣ ካባ ውስጥ ነበር። በቀደም አንዲት ሴት ትኬት ልትቆርጥ መጥታ ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን ከነአባቴ አነበበች። ልጄን ያወጣልኝ ያንቺ አባት ነው ብላ እጄን ያዘችኝ። አለቀሰች። እኔ ምን እንደምላት አላወቅኩም። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ መገናኛ ሄጄ አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገባሁ።»

«ማስኩን ገዛሽ።»

«ሻጩ ይጠይቀኛል። ፊታቸው ጠባብ ነው ሰፊ? መነጽር ያደርጋሉ? ካደረጉ ባለ ሁለት መስታወቱ ይሻላል፣ በዓይናቸው ልክ ሌንስ ይገባለታል። ሪዝ አላቸው? ሪዝ ካለ ጎማው አይገጥምም፣ ውሃ ያስገባል። አንዱንም መመለስ አቃተኝ፤ ስድስት ዓመት እኮ ነው፤ ሪዙን እንኳ ተላጭቶት እንደሆነ በምን አውቃለሁ። የገዛ አባቴን ፊት አላውቀውም ልበለው? አፈርኩና በጣም የሚያምረውን አንሥቼ ወጣሁ።»

«መቼ ሰጠሽው?»

«እሑድ፣ እዚሁ የግቢው በር ላይ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም። መነጽር አድርጓል፣ ሪዙም አለ። ሁሉንም እንደተሳሳትኩ ያኔውኑ ገባኝ። እሱ ግን ፊቱ ላይ እንኳን ሳያስጠጋው፣ ልክክ ይላል አለኝ። ሐሙስ ነይ፣ አድርጌው ስጠልቅ ታያለሽ አለኝ። እንጃ፣ ከተመቸኝ አልኩት።»

አቶ ሚሊዮን በበኩሉ ሰገነትን ከመንገድ አስቁሞ፣ «ለማንም ክፉ አስቤ አይደለም፤ ግን ሊሊሳ ሰኞ አመሻሽ ላይ ሲጮህባቸው ሰምቻለሁ» አላት። ሰገነት አመሰገነችው። ከዚያ ሊሊሳን ይዛ ወደ ሟቹ ክፍል ሄደች።

«አዎ ጮኼባቸዋለሁ» አለ ሊሊሳ፣ ሳይደብቅ። «ሲሊኮን ግዛልኝ ብለውኝ አመጣሁላቸው፤ ያ መስታወት የሚለጠፍበት ሙጫ። ለካ መጠባበቂያ መነጽራቸውን አፍርሰው ማስኩ ውስጥ ሊለጥፉት ነው! ስድስት ዓመት ዞር ብላ ላላየችዎት ልጅ መነጽርዎን ያበላሻሉ? አልኳቸው። ተቆጡ። ሂድ ወዲያ፣ አንተ ልጅ የለህም አሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው።»

«ሙጫው ለመድረቅ ስንት ይፈጅበታል?»

«ሙሉ ቀን። እስከ ነገ ማታ የነካው ወዮለት ብለው መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት።»

ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ብርጭቆ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሌንስ የሌለው የመነጽር ፍሬም፣ የሲሊኮኑ ቱቦ፣ ሽበት የተጣበቀበት ምላጭ፣ እና ለረቡዕ የተጻፈ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ምስማር ላይ ባለ ሁለት መስታወት አሮጌ ማስክ ተሰቅሏል፤ ወፍራም ሌንሶች አሉት፤ በዚያን ዕለት ግን አንዲት ጠብታ ውሃ አልነካውም። ከሥሩ የቫዝሊን ዕቃ አለ። ጋሼ ማስኩ እንዲገጥምላቸው ሪዛቸውን በቫዝሊን ይቀቡት እንደነበር ሊሊሳ ነገራት።

ሊሊሳ ሲወጣ ሰገነት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እሷ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ አራት ወንበሮች አሏት፤ የሦስቱ ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልተቀደደም። እሷስ ብትሆን፣ መነጽር ሊገዛላት የተነሣ ሰው ሻጩ ቢጠይቀው ስለ ፊቷ ምን ይመልስ ነበር? ማን አይቷት? ተነሥታ ምላጩን በጥንቃቄ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለችው።

ረቡዕ አቶ ፍቅረማርያም ተቀበሩ። ሐሙስ ከሰዓት በፊት ሰገነት ሦስቱንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። ማስኩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«በመጀመሪያ ማስኩን ከክሱ ነፃ ላድርገው» አለች። «አቶ ፍቅረማርያም ሰኞ አመሻሽ ላይ ሁለት ሌንስ ለጠፉበት። ይህ ሙጫ እስኪደርቅ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ መድረቂያውም አንድ ሙሉ ቀን ነው። ማክሰኞ ጠዋት አልደረቀም ነበር። አርባ ዓመት የጠለቀ ሰው ያልደረቀ ሙጫ ዓይኑ ላይ አድርጎ ውሃ ይገባል?»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ረስተውት ይሆናላ» አለ አቶ ሚሊዮን።

«ማሰሪያውንስ? ሌሎችን ከጆሮ በላይ እሰሩ እያሉ የሚያስተምሩ ሰው እንዴት ማጅራታቸው ላይ ያስሩታል? አይደለም። የጠዋት ዋናቸውን እንደ ወትሮው ያለ ማስክ ነው የዋኙት። አንድ ሰው ከገንዳው ዳር ሆኖ ማጅራታቸውን መታቸው፣ ደፈቃቸውም። የብልዘቱ ክብ ከገንዳው ማጽጃ ዘንግ ጫፍ ጋር ልክ ለልክ ነው፤ ሐኪሙም አረጋግጧል። ከዚያ ይህ ሰው ፖሊስ እንዳይጠረጥር ማስክ አስፈለገው። ወደ ክፍላቸው ሄደ። ሁለት ማስክ አለ፤ አንዱ ምስማር ላይ፣ አንዱ መስኮቱ ደፍ ላይ። የቱን ያነሣል?»

በላስቲክ የተጠቀለለውን ማስክ ወደ እነሱ ገፋ አደረገችው።

«ሊሊሳ ቢሆን አሮጌውን ነበር የሚያነሣው፤ አዲሱ ገና እንዳልደረቀ ያውቃላ። ትሕትና የክፍሉን በር እንኳን አታውቀውም፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ ላምበረት መስኮቷ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ሰው ሁሉ አይቷታል። አዲሱን ያነሣው ስለ ሙጫው የማያውቅ ሰው ነው። ስለ ስጦታው ግን ያውቃል፤ ጥፋቱን በስጦታው ላይ ማሳበብ ፈልጓል። ማስኩን ውሃ ውስጥ ላለ ራስ ሲያጠልቅ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ሙጫውን ተጫነው፣ ሌንሱ ወደቀ። ሲሊኮን ደግሞ ደግ ነው፤ የነኩትን ይዞ ይደርቃል። ማክሰኞ ሦስታችሁም አሻራ ሰጥታችሁኛል።»

አቶ ሚሊዮን ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«እጅዎን ለምን ደበቁት አቶ ሚሊዮን?»

«በርዶኝ ነው።»

«ይህ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን ታች ያለው ካባም የእርስዎ ነው። እዚያ የሰጠመው ልጅ የሞተው አጥር ዘሎ ገብቶ ነው ብለው ቃል ሰጥተዋል። መዝገቡን ትናንት አየሁት። አቶ ፍቅረማርያም ደግሞ ልጁን ያገኙት በተነቃቀሉ የአጥር ብረቶች ላይ ተኝቶ ነው ብለዋል፤ ከብረቶቹ በላይ። አጥሩ ከልጁ ቀድሞ ነው ውሃ የገባው፤ የሚዘለል አጥር አልነበረም። ይህን ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ረቡዕ ሊመሰክር ተጠርቷል። ማክሰኞ ሞተ።»

«ዝም ይበሉ ብዬ ለምኛቸው ነበር!» አለ አቶ ሚሊዮን፣ ድምፁ ድንገት ቀጥኖ። «ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ማን ይፈልጋቸዋል ብዬ...»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሊሊሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ትሕትና ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ሌላ ሰው ነው የገደለው፤ ገባኝ» አለች። «ግን ዛሬ ሐሙስ ነው። ቢኖር ኖሮ ይህን አድርጎ ይጠልቅልኝ ነበር፤ ደግሞም ውሃ ያስገባበት ነበር። የማይሆነውን ነው የገዛሁለት።»

ሰገነት መልስ ከመስጠቷ በፊት ላስቲኩን ፈታች። የሚፈለገው አሻራ ሁሉ ተነሥቶበታል፤ ሙጫውም ደርቋል።

«መገናኛ ሄጄ ሻጩን አነጋግሬዋለሁ። አንቺ አፍረሽ ስለወጣሽ ያልነገረሽ ነገር አለ። ማስክ በልክ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ያለ ማሰሪያ ፊትሽ ላይ አስደግፊው፣ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ እጅሽን ልቀቂ። ካልወደቀ ልክሽ ነው።» ማስኩን ዘረጋችላት። «አስከሬኑን አይቻለሁ፣ አንቺንም አይቻለሁ። ጠባቡ ፊት፣ ሰርጎድ ያለው ጉንጭ የአባትሽ ነው። ያልገጠመው ሪዙ ብቻ ነበር።»

ትሕትና ማስኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። በአፍንጫዋ ሳበች። እጆቿን ለቀቀች።

ማስኩ አልወደቀም። በግራ ዓይኗ በኩል፣ በአባቷ ሌንስ፣ ገንዳው ደብዝዞ ይታያታል፤ ወይም እንባዋ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳትተነፍስ እንደዚያው ቆመች።

«ልክክ ይላል» አለች በመጨረሻ፣ በታፈነ ድምፅ።

አባቷ እሑድ በሩ ላይ ሲሏት ውሸት ነበር። ሰኞ ማታ ምላጭ አንሥተው እውነት አደረጉት።