ነይ እስቲ

ጠራዧ አዲሱን ማሽኒስት የወደደችው ሳቁን ሰምታ አይደለም፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማን የማንን ሳቅ ይሰማል? እጆቹን አይታ ነው። ቀለም የነካው ጣቱ እሷ የምትሰፋቸውን ገጾች እንዳያበላሽ ክምሩን በክርኑ ገፋ ሲያደርግላት አየችና፣ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላት።

በሳምንቱ ማሽኒስቱ ከወዲያ ጥግ ሆኖ፣ ገና ከማሽኑ የወጣ ሽፋን ከፍ አድርጎ አሳያትና ከማሽኑ ድምፅ በላይ ጮኸ።

«ነይ እስቲ!»

ጠራዧ ደርቃ ቀረች። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ከዚያ ዞር ብላ በጓሮ በር ወጣች።

«ተዋት፤ እሜቴ ናት» አሉት አዛውንቱ ወረቀት ቆራጭ። «ተጠርታ አትመጣም።»

ማሽኒስቱ ግን በቀላሉ የሚተው ሰው አልነበረም። ራሱ ወደ እሷ ሲሄድ ፊቷ እንደሚፈካ ልብ አለ። ስለዚህ ሰበብ እየፈለገ ይመላለስ ጀመር፤ አንዴ መቀስ ሊዋስ፣ አንዴ የተዋሰውን መቀስ ሊመልስ።

«ለመሆኑ ምን ትቆርጥበታለህ?»

«ምንም። መንገዱን ነው የማሳጥርበት።»

ሳቀች። እሱም ሳቋን ባይሰማውም አየው።

ዓመት ሳይሞላ ሊጋቡ ተስማሙ። የተከራየላትን ቤት ሊያሳያት ወሰዳት። ቀድሟት ገብቶ መስኮቱን ከፈተና ከውስጠኛው ክፍል፣ ድምፁን አለስልሶ ጠራት።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ።»

ደፉን መሻገር አቃታት። እሱ ሲወጣ እሷ ደረጃውን ወርዳ ጨርሳለች። ውጪው በር ላይ ደረሰባት።

«ቤቱን ጠላሽው?»

«አይ።»

«እኔንስ?»

ምን ትበል? የያዛትን ነገር ስሙን አታውቀውም።

«በጠራሁሽ ቁጥር የምትሸሺ ከሆነ፣ እኔ ሰው እያሳደድኩ ትዳር አልይዝም» አላት። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። ዞር ብሎም አላያት።

ቤት ስትገባ እናቷ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«እማዬ፣ ጠርተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«‹ነይ› ብለሽ ማለቴ ነው።»

ካውያው ቆመ። እናት ልጇን ስትፈልጋት ሁልጊዜ ያለችበት ድረስ ነበር የምትመጣው፤ እጇ ሊጥ ይሁን፣ ሳሙና ይሁን፣ ትመጣለች። ልጅቷ ይህን እንደ ፍቅር ነበር የምትቆጥረው። ፍቅርም ነበር።

«አባቴ አይጮህም ነበር» አለች እናት፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሳ። «ውስጠኛው ክፍል ወንበር ላይ ቁጭ ይልና ቀበቶውን ጭኑ ላይ ያጋድማል። ከዚያ በለስላሳ ድምፅ ‹ነይ እስቲ የኔ ልጅ› ይለኛል። አንድም ቀን መጥቶ መትቶኝ አያውቅም። በገዛ እግሬ ሄጄ ነው የምመታው።»

«እኔን ግን ማንም ነክቶኝ አያውቅም።»

«ማን አባቱ ይነካሻል! አንቺን ስወልድ ያንን ቃል ከአፌ ላላወጣ ማልኩ። ግን ትንሽ ሳለሽ ጎረቤት ‹ነይ› ሲልሽ ለካ እጅሽን ጭምቅ አድርጌ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ‹እማዬ አመመኝ› አልሽኝ። ሳይ ጣቶችሽ ቀልተዋል።»

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና አለቀሰች። ጠራዧ እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። አጠገቧ ቆማ ሸሚዙን አጣጠፈችላት።

በማግስቱ ማሽኒስቱ ጀርባውን ሰጥቷት ይሠራ ነበር። ወረቀት ሊጨምር ዞር ሲል ጠብቃ፣ በሕይወቷ ለማንም ብላ የማታውቀውን ቃል አለች።

«ና!»

ማሽኑ ድምፅዋን ዋጠው። ከንፈሯን ግን አየ። መጣ፤ አልቸኮለም እንጂ፣ ተቀይሟላ። በወረቀት ክምሮቹ መሃል ጆሮው ላይ እየጮኸች የእናቷን ታሪክ ነገረችው። ወሬው መሃል ላይ ወረቀት ቆራጩ ለምሳ ብለው ማሽኑን ቢያጠፉት፣ «በገዛ እግሯ ሄዳ ነበር የምትመታው!» የሚለው በቤቱ ሁሉ አስተጋባ። ሰውዬው ከዚያ ቀን ወዲህ እሜቴ ብለዋት አያውቁም።

ማሽኒስቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረገ።

«እና ይሄ ነው?» አላት በመጨረሻ። «ስፈልግሽ እኔው እመጣለኋ። መመላለስ ለምጄ የለ?»

«መቀሱስ?»

«መቀሱ እኔ ጋ ነው።»

ተጋቡ። እሱም ቃሉን ጠበቀ፤ ውስጠኛው ክፍል ሆኖ ከፈለጋት ተነስቶ ይመጣል።

ሴት ልጃቸው መዳህ ሰልችቷት ወንበር ይዛ የቆመች ቀን፣ አያቷ ከፊት ለፊቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኗ አንድ እጇን ለቀቀች። ሌላ ቤት ቢሆን እዚህ ላይ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ማሽኒስቱ ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ እናቷን አየች።

አያት እጆቿን ዘረጋች። ከንፈሯ ተከፍቶ ተዘጋ፤ እንደገና ተከፈተ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ።»

የጠራዧ ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ። የልጇን እጅ አፈፍ አድርጋ እንዳትይዝ የራሷን እጆች ታፋዋ ሥር ሸጎጠች።

ሕፃኗ ወንበሩን ለቀቀችና፣ እየሳቀች፣ በገዛ እግሯ ሄደች።